የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ፦ ጥያቄና መልስ

ኑሮዬ ሱሉልታ ነው። በየቀኑ እንጦጦን ወጥቼ ወርጄ ከተማ ገብቼ እመለሳለሁ፤ የመኪናዬንም አብዛኛውን ሥራ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ነው የምሠራው። ስለ ቼክ ኢንጂን መብራት የቸገራችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምናችሁ፦ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የጥፋት ኮድ ተነብቦ ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ማንም እንዲያጠፋው አትፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ዛሬ ጠዋት መብራቱ በራ፤ መኪናው ግን ምንም አልሆነም። ልንዳው ወይስ ላቁመው?

ዝም ብሎ ከበራ፣ የሞተሩ ድምፅና ጉልበትም ካልተለወጠ ቀስ ብለህ ንዳው፤ በዚሁ ሳምንት ግን አስነብበው። ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ሚስ እያደረገ ነው፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑን በትክክል አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫ ውስጥ እየነደደ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያበላሸዋል። ዳር ይዘህ አጥፋው። ቀዩን የዘይት መብራት ከዚህ ጋር እንዳታምታታው፤ እሱ ከበራ «ቤት ልድረስና» የሚባል ነገር የለም፣ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ጥያቄ፦ የኮድ ማንበቢያውን እኔም ገዝቼ መጠቀም እችላለሁ?

በደንብ ትችያለሽ፣ እህቴ። ኢኤልኤም 327 የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ጠይቂ፤ በብሉቱዝ ከስልክሽ ጋር ትገናኛለች። ስልክሽ አይፎን ከሆነ በዋይፋይ የምትሠራውን ውሰጂ። መኪናው ላይ የምትሰካበት ሶኬት 16 ቀዳዳ አለው፤ ከመሪው በታች፣ ጉልበትሽ አካባቢ በእጅሽ ፈልጊው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለአሜሪካ ገበያ ከ1996፣ ለአውሮፓ ደግሞ የቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ ይህ ሶኬት ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ የኔስ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ?

ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የሚነበብ ኮምፒውተር የለውም። እሱ በጆሮና በካንዴላው ቀለም ነው የሚመረመረው።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ፒ0302 አወጣች። ጋራዥ አራቱንም ቦቢና ቀይር አሉኝ። ልቀይር?

ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ። ኮዱ የሚለው ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ነው እንጂ ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ሞቷል አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቦቢና ፍታና አቀያይራቸው። አቆጣጠሩ ከቺንጋው በኩል ይጀምራል። የቦቢናው ሶኬት ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚደርቅ መያዣውን ተጭነህ በቀስታ ሳበው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰብረው። ከዚያ ኮዱን አጥፍተህ ትንሽ ንዳት። ፒ0303 ካመጣች ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ሄዷል፤ አንድ ብቻ ግዛ። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቀረች በካንዴላዎቹም እንደዚሁ አድርግ። ካንዴላውን ስታወጣው ጫፉን እየው፦ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ በዘይት ከረጠበ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ይህም ካልፈታው ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ወይም የሲሊንደሩ ግፊት (ኮምፕሬሽኑ) ይለካ፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ፒ0171 ኦክስጅን ሴንሰር ነው አይደል?

እኔም እንደዚያ ተብዬ ከፍያለሁ። ኮዱ የሚለው ግን ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል ነው። አንድ ጋራዥ ሴንሰሩን ቀየረልኝ፤ በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ማታ ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ስፈልግ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ውስጥ የጥፍር ያህል ተሰንጥቋል። በእጄ ጎንበስ ሳደርገው ይከፈታል፣ ስለቀው ይገጥማል። ሳይለካ የሚገባው አየር በዚያ ነበር። ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ሲል እውነቱን ነበር፤ እውነት ስለተናገረ ተነቅሎ ተጣለ። ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳስስ። ቀጥሎ የአየር መለኪያው ሴንሰር አለ፤ የኮረኮንች መንገዳችን አቧራ ይጋግርበታል። ለሱ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይታጠባል። ሽቦው ፀጉር የሚያክል ስለሆነ በጣትም በጨርቅም አይነካ።

ጥያቄ፦ እንጦጦን ስወጣ ጉልበት ያንሰኛል። መብራቱን ያበራው ከፍታው ይሆን?

አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ጉልበት ማነሱ ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ቤንዚኑን በአየሩ ልክ ይቀንሳል፤ ጤነኛ መኪና በከፍታ ብቻ መብራት አያበራም።

ጥያቄ፦ ነገ ለገጣፎ አንድ የሚሸጥ መኪና ለማየት ልሄድ ነው። ሻጩ «መብራት የለባትም» ብሎኛል። ምን ልይ?

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና በጥንቃቄ ነው የሚገዛው። ባትሪ ነቅሎ መልሶ በመግጠም ብዙ ጊዜ ኮድ ይጠፋል፤ ጥፋቱ ግን እዚያው ነው፣ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ማንበቢያህን ይዘህ ሂድና መተግበሪያው ላይ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ጨርሶ እንደሆነ እይ። ብዙዎቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ በቅርቡ ተደምስሷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አድርገውና ዳሽቦርዱን ተመልከት። ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት ያኔ ልትበራ ይገባል። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀብድ እንዳትከፍል።