የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፓኬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ሲጋራው በምን ይሸጣል?

ጥያቄ፦ ከአውስትራሊያ የመጣ ዘመዴ የያዘው የሲጋራ ፓኬት ጭቃ የመሰለ ቀለም ያለው፣ ማርክ የሌለው፣ የበሽተኛ ፎቶ የተለጠፈበት ነው። እዚያ የሁሉም ካምፓኒ ፓኬት እንዲህ ነው አለኝ። ታዲያ በምን ይለያያሉ? ገበያቸውስ አልቆመም? (ባለሱቅ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ዘመድዎ ያሉት እውነት ነው። አውስትራሊያ ሕጉን ከዓለም ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣች፤ ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ ባለማርክ ፓኬት ከሱቆቿ ጠፋ። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የሲጋራው ስም በአንድ ዓይነት ፊደልና በአንድ መጠን ብቻ ይጻፋል።

ካምፓኒዎቹ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ፍርድ ቤት ነው። የጃፓኑ ትንባሆ ካምፓኒ ጄቲአይና ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ በ2012 በአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። በዓለም ንግድ ድርጅት የቀረበው ክስም በ2020 በይግባኝ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትግሉ ሕጉ ባልነካቸው ነገሮች ላይ ሆኗል።

አንዱ ስም ነው። ከፓኬቱ የተፋቀው ቀለም በቃል ተመልሶ መጣ፤ ከሲጋራው ስም ቀጥሎ «ቀይ»፣ «ሰማያዊ»፣ «ወርቃማ» እየተባለ ተጻፈ። ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሃያ ፍሬ የነበረው ፓኬት 21፣ 22፣ 23 እየሆነ ወጣ፤ ምርቃት የተሰጠው የሚመስለው ገዢ ይበዛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፊልተሩ ነው። ውስጡ ትንሽ ፍሬ ይቀበርና በጣት ሲጫኑት ፈርጦ የሜንቶል ወይም የፍራፍሬ ጣዕም ይለቃል። ሜንቶሉ ጉሮሮን ስለሚያለዝብ ጀማሪው ወጣት ሳያስለው ይለምደዋል። እንግሊዝ በ2020 ሜንቶል ሲጋራን ስትከለክል ሽታ የተነከረ ካርድ ለብቻው መሸጥ ጀመረ፤ አጫሹ ፓኬቱ ውስጥ ይከተውና ትንባሆው ሽታውን ይስባል። በትንባሆ ቅጠል የተጠቀለለው ሲጋሪሎም ከእንግሊዝ የፓኬት ሕግ ውጭ ስለነበር ባለሜንቶል ፍሬ ሆኖ፣ በአሥር በአሥር ታሽጎ ወጣ።

አውስትራሊያ እነዚህን ቀዳዳዎች የደፈነችው በ2024 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕጓ ነው። ፓኬት ሃያ ፍሬ ብቻ ይይዛል፣ ጣዕም ተከልክሏል፣ ማስጠንቀቂያውም በእያንዳንዱ ሲጋራ ላይ ይታተማል። በሲጋራው ላይ በማተም ካናዳ በ2023 ቀድማለች።

ጥያቄ፦ የእኛ አገር ሕግስ ምን ይላል? ተማሪዎቼ ከመናኸሪያው ሱቅ በደረቴዎች አንድ አንድ ፍሬ ሲገዙ አያለሁ። (መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥዕል ማስጠንቀቂያ የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ እንዲሸፍን ያዛል። በቀረው 30 በመቶ ላይ ግን ማርኩና ቀለሙ አሉ፤ ስለዚህ የእኛ ፓኬት ገና ማርክ አልባ አይደለም። ጣዕም የተጨመረበት ትንባሆ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥና በፍሬ መሸጥ ግን ክልክል ናቸው።

ያዩት ነገር ከፓኬቱ በላይ ያሳስበናል። በፍሬ የሚገዛ ልጅ ሥዕሉን አያየውም፤ ኪሱ ውስጥ ባለው ሳንቲም ልክ ይገዛል። ፓኬቱ ነገ ቡናማ ቢሆን እንኳ በፍሬ መሸጡ ካልቆመ ለእሱ የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲያመለክቱ «በፍሬ ይሸጣል» ብቻ አይበሉ፤ ለተማሪ መሸጡንም፣ ቦታውንና ሰዓቱንም ይጻፉ። በአውስትራሊያው ክስ የተረታው ጄቲአይ ዛሬ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 71 በመቶ ባለቤት መሆኑንም ይወቁት፤ በውጭ የታየው ዘዴ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፓኬቱ ነጣ ያለው ሲጋራ ይቀላል ይባላል፤ ለሳንባ ይሻላል? (አጫሽ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ አይሻልም። ፊልተሩን ወደ ብርሃን አዙረው ቢያዩት ዙሪያውን በመርፌ የተበሳ የመሰሉ ቀዳዳዎች ሊያገኙ ይችላሉ። ጭሱን የሚለካው ማሽን ሲስብ በቀዳዳዎቹ አየር ስለሚገባ በጭሱ ውስጥ ያለው የሬንጅ (ታር) መጠን ትንሽ ሆኖ ይመዘገባል። ሰው ሲያጨስ ግን ጣቱና ከንፈሩ ቀዳዳዎቹን ይደፍኗቸዋል፤ ኒኮቲኑ ሲያንሰውም ጠለቅ አድርጎ፣ ደጋግሞ ይስባል። ከባዱን ትተው ወደ ቀላሉ ከተሻገሩ የለወጡት የካርቶን ቀለም ነው። ለማቆም ካሰቡ ቀን ቆርጠው ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከሁሉ ይከብዳሉ፣ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ቡና ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር አይጠጡ።