«ወደ ሥራዬ ብመለስ ቃሉን የናቅሁ ይመስለኛል»

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ጸሎት ላይ አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖብኝ «በሦስት ወር ውስጥ ከአገር ትወጫለሽ፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለኝ። ኤርምያስ 29፥11ንም አነበበልኝና «ይህ የአንቺ ቃል ነው» አለኝ። አለቀስኩ፤ አመንኩም። ሁለቱን የስፌት መኪናዎቼን ሸጥኩ፤ ሱቁንም ለቀቅኩ።

ይኸው ስምንት ወር ሞላ። ምንም የለም። አገልጋዩን ስጠይቀው «ጠርጥረሽ በረከትሽን ዘጋሽው» አለኝ። የምበላው ከታላቅ እህቴ ነው። እሷ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ትለኛለች። እኔ ግን ብመለስ የእግዚአብሔርን ቃል የናቅሁ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስምንት ወር ሙሉ ራስሽን ስትወቅሺ መክረምሽ አሳዝኖኛል። ቃሉን እንዳትንቂ መፍራትሽ ግን መልካም ፍርሃት ነው። ስለዚህ ከዚያው ከተነበበልሽ ምዕራፍ እንነሳ።

ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን፣ ለተማረኩት ሰዎች የተላከ። ቁጥር 11 «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» ይላል። «ለእናንተ» ነው የሚለው፤ ለሕዝቡ። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ 70 ዓመት ይቆጥራል። ያን ደብዳቤ ከሰሙት ብዙዎቹ እዚያው አርጅተው የሚሞቱ ነበሩ። ታዲያ እስከዚያው ምን አድርጉ ተባሉ? ቁጥር 5ን አንብቢው፤ ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አታክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ። ሻንጣ አዘጋጁ አላላቸውም። ቁጥር 8 ደግሞ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ተስፋውም ማስጠንቀቂያውም ያለው እዚያው አንድ ገጽ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሺ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ የተማረከው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል አለ። ኤርምያስ ምን ብሎ መለሰለት መሰለሽ? «አሜን» አለ፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ። እሱም ወገኖቹ ቶሎ ቢመለሱ ይወድ ነበር። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። አንቺም «አሜን» ያልሽው ስለጓጓሽ ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ግን ሁለት ዓመት የተባለው ከእግዚአብሔር አልነበረም።

«ጠርጥረሽ ዘጋሽው» ስለተባልሽው ግን ዝም ማለት አልችልም። ዘዳግም 18፥22 ነቢይ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ፣ እግዚአብሔር አልተናገረውም ይላል። የሚጠየቀው ተናጋሪው ነው። ሰሚው ጠርጥሮ ነው የሚል ቃል እዚያ የለም። እንዲያውም «እርሱን አትፍራው» ይላል። ጳውሎስም ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ብሏል። ስለዚህ መጠየቅሽ መታዘዝ ነው።

አሁን ወደ ኑሮሽ። ከእህትሽ ጋር ሆነሽ ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች ሂጂ። የተባልሽውን፣ የተባለበትን ወርና የሸጥሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ከአገልጋዩ ጋር ብቻሽን አትከራከሪ። ሌላም ሰው እንዲሁ ተነግሮት መኪናውን ለመሸጥ እያሰበ ይሆናል። ውጭ አገር የመሄድ ፍላጎትሽን ቅበሪው አልልሽም፤ ጸልዪበት፣ በሕጋዊ መንገድም ሞክሪ፤ ግን እየሠራሽ።

የስፌት መኪና ለመግዛት አሁን አቅም ላይኖርሽ ይችላል። አንድ ተከራዪ፤ ወይም ከምታውቂያት ሰፊ ጋር ለጊዜው ተዳብለሽ ሥሪ። ሐምሌ ላይ ነን። ወላጆች የተማሪ ዩኒፎርም ማሰፋት የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። የድሮ ደንበኞችሽን ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂያቸው።