ስለ ፒያ ሱንድሃጌ ጠይቁኝ

ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት ስለተሻገሩ ሴቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር የስዊድኗን ፒያ ሱንድሃጌን ስም ስለምጠራ፣ «እስቲ ስለ እሷ ብቻ እንጠይቅህ» አላችሁ። እሺ፣ ይኸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ ልናገርና፣ ለእሷ ትንሽ አዳላለሁ። የብራዚሉን ጉዳይ ግን አልሸፋፍንም።

ጥያቄ፦ ለማናውቃት በአጭሩ ማን ናት?

በ1960 ኡልሪሰሃምን በምትባል የስዊድን ከተማ ተወለደች። በ15 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፈች። እስከ 1996 ድረስ 146 ጨዋታ አድርጋ 71 ግብ አስቆጠረች። ከዚያ በኋላ አሜሪካን፣ ስዊድንን፣ ብራዚልንና ስዊዘርላንድን በዋና አሰልጣኝነት መራች። በኦሎምፒክ ሁለት ወርቅና አንድ ብር አላት። በ2012 ደግሞ የፊፋ የዓመቱ ምርጥ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ተብላለች።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ኳስ እንዴት ጀመረች?

ተደብቃ። ከወንዶቹ ቡድን ጋር ለመሰለፍ «ፔለ» በሚል የወንድ ስም ትጫወት ነበር። ሴቶች ዋና ውድድር ላይ ከደረሱ በኋላም ቢሆን እንደ ሙሉ ተጫዋች አልታዩም። በ1984 አውሮፓ ውስጥ የተካሄደውን የሴቶች ውድድር ብታዩ፣ ጨዋታው 70 ደቂቃ ብቻ ነበር። ኳሱም ለልጆች የሚሰጠው አነስተኛው ኳስ ነው። በ1991 ቻይና በተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ እንኳ ሰዓቱ ወደ 80 ደቂቃ ብቻ ነው ያደገው። ሴቶቹ 90 ደቂቃ አይችሉም ተብሎ እኮ ነው!

ጥያቄ፦ ተጫዋች ሳለች ምን ዋንጫ አነሳች?

ትልቁ ያው የ1984ቱ ነው። ፍፃሜው በደርሶ መልስ ነበር፣ ስዊድን ከእንግሊዝ። በመጀመሪያው ጨዋታ ጎተንበርግ ላይ ስዊድን 1 ለ 0 አሸነፈች። ግቧን ያስቆጠረችው ፒያ ናት። የመልሱ ጨዋታ ሉተን ላይ ሆነ፤ እንግሊዝ 1 ለ 0 አሸነፈችና ወደ መለያ ምት ሄዱ። ዋንጫውን የወሰነችውን ምት የመታችውም ራሷ ፒያ ናት። አጥቂ ሆና በሁለቱም ጨዋታ ቁልፉ በእሷ እጅ ነበር ማለት ነው።

በ1991 የዓለም ዋንጫ ስዊድን ጀርመንን 4 ለ 0 ረትታ ሦስተኛ ስትወጣ እሷም ነበረች። ክለብን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተችው ስዊድን ውስጥ ነው። በ1985 ግን ወደ ጣሊያኑ ላዚዮ ተሻግራለች። ስዊድኖች በ1988 በፖስታ ቴምብር ላይ ሳይቀር ምስሏን አትመዋል። ይሄ ሁሉ ገና አሰልጣኝ ሳትሆን ነው።

ጥያቄ፦ የዓለም ዋንጫ አንስታለች?

አላነሳችም። በተጫዋችነት ሦስተኛ፣ በአሰልጣኝነት ሁለተኛ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ተጫዋች ስለነበረች ነው አይደል አሜሪካን የሚያህል ቡድን የሰጧት? ስም ካለህ ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል። መንገዷን ስታዩት ግን ረጅም ነው። ገና ለብሔራዊ ቡድን እየተጫወተች በክለቧ ሀማርቢ ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበረች። ጫማዋን ከሰቀለች በኋላ ለዓመታት በረዳትነት ሠርታለች። አሜሪካ ውስጥ ፊላዴልፊያ ላይ ረዳት ሆነች። በ2003 ቦስተን ብሬከርስ የተባለውን የአሜሪካ የሴቶች ክለብ በዋና አሰልጣኝነት ይዛ የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለች። ምን ዋጋ አለው፣ ሊጉ ራሱ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከዚያ ወደ ኖርዌይና ወደ ስዊድን ክለቦች ተመለሰች። በ2007 የዓለም ዋንጫ ደግሞ የቻይና ብሔራዊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበረች። አሜሪካኖች የጠሯት ከዚያ በኋላ ነው።

ስሟ በሩን ከፍቶላት ሊሆን ይችላል። ገብታ እንድትቀመጥ ያደረጋት ግን ያ ሁሉ ረዳትነት ነው ባይ ነኝ። 146 ጊዜ ለአገሯ የተሰለፈች ሰው ሌላ አሰልጣኝ ሥር ሆና ኮን መደርደር አይከብዳትም ወይ? አልከበዳትም።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖቹ አስቀድሞም ጠንካሮች ነበሩ። እሷ ምን ጨመረች?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በ2007 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ የነበረው አሰልጣኝ ቋሚ ግብ ጠባቂዋን ሆፕ ሶሎን አስቀምጦ ብሪያና ስከሪን አሰለፈ። ብራዚል 4 ለ 0 ቀጣቻቸው። ሶሎ ጋዜጠኞች ፊት ቀርባ «እኔ ብሆን አድናቸው ነበር» ዓይነት ንግግር ተናገረች። ቡድኑ ተቆጣ። ከደረጃ ጨዋታው ውጭ አደረጓት፣ አኮረፏት። መልበሻ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

ፒያ በዚያው ዓመት መጨረሻ የገባችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ጊታሯን ይዛ ገባችና ዘፈነችላቸው። ተጫዋቾቹ በመጀመሪያ «ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?» ሳይሉ አልቀሩም። መልእክቱ ግን ገብቷቸዋል፤ ያለፈው አለፈ፣ አዲስ ነገር እንጀምራለን። ስለ ሶሎ የያዘችውም አቋም ቀላል ነበር፦ ማሸነፍ ከፈለጋችሁ ጥሩ በረኛ ያስፈልጋችኋል። ተዋደዱ አላለችም፣ አብራችሁ ሥሩ ነው ያለችው። ለእኔ ትልቁ ችሎታዋ ይሄ ነው። ሰው ቤት ገብታ የቤቱን ጸብ የራሷ ሳታደርገው ሥራውን ታስቀጥላለች።

ከዚያስ? ለ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀር ዋናዋ አጥቂ አቢ ዋምባክ በወዳጅነት ጨዋታ እግሯ ተሰበረ። በመክፈቻው ጨዋታ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸነፉ። አለቀላቸው ሲባል ፍፃሜ ደረሱ። እዚያም ካርሊ ሎይድ በተጨማሪ ሰዓት ባገባቻት ግብ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸነፉ። በረኛዋ ማን ነበረች? ሶሎ።

ከአንድ ዓመት በፊት በ4 ግብ የቀጣቻቸው ያቺው ብራዚል መሆኗን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ መለያ ምት ይከተላታል ይባላል። እውነት ነው?

አይከተላትም ማለት አልችልም። 1984ን ነግሬያችኋለሁ። በ1995 የዓለም ዋንጫ ደግሞ በገዛ አገሯ ስዊድን በቻይና የወጣችው በመለያ ምት ነው። በ2011 አሜሪካን ይዛ ሩብ ፍፃሜ ላይ ብራዚልን በመለያ ምት ጣለች። በፍፃሜው ፍራንክፈርት ላይ ግን ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ጃፓን አቻ ሆነችባት፤ የመጨረሻዋን ሆማሬ ሳዋ በ117ኛው ደቂቃ አገባች። አሜሪካኖቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምቶች በተከታታይ ሳቱ። በቃ። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ያንኑ ጃፓን በኦሎምፒክ ፍፃሜ 2 ለ 1 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች፤ በዚያን ቀን ዌምብሌይ ከ80,000 በላይ ተመልካች ነበረው። ስዊድንንና ብራዚልን ስታሠለጥንም የመለያ ምት ታሪክ አላት፣ እመጣበታለሁ።

ጥያቄ፦ ለምን ታዲያ አሜሪካን ለቀቀች? እያሸነፈች?

አገሯ ጠራቻት። 107 ጨዋታ መርታ የተሸነፈችው 6 ብቻ ነው፤ 91 አሸንፋለች። በጥሩ ሰዓት መውጣት ይሏል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ በ2016 ኦሎምፒክ የፒያ ስዊድን ተከላክላ ብቻ ነው አሜሪካን የጣለችው። ሆፕ ሶሎ «ፈሪዎች» ያለቻቸው ተሳስታ ነው?

አዎ፣ በእኔ እይታ ተሳስታለች። ስዊድን በዚያ ኦሎምፒክ የምድቧ ሦስተኛ ሆና ነው ያለፈችው። ብራዚል በምድብ ጨዋታ 5 ለ 1 አሸንፋታለች። እንዲህ ዓይነት ቡድን ይዘህ ከአሜሪካ ጋር ሜዳውን ከፍተህ ብትጫወት ጀግና አትባልም፤ ትበላለህ። ፒያ የአሜሪካን ተጫዋቾች ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች፣ ግማሾቹን ራሷ አሠልጥናቸዋለች። ወደ ኋላ ተሰብስባ በመልሶ ማጥቃት ጠበቀች። ስቲና ብላክስቴኒየስ ቀድማ አገባች፣ አሌክስ ሞርጋን አቻ አደረገች። በመለያ ምቱ ሄድቪግ ሊንዳል የሞርጋንን አዳነች። ለመጨረሻዋ ምት ሊሳ ዳልክቪስት ስትዘጋጅ ሶሎ ጓንት ልቀይር ብላ አቆመቻት። ዳልክቪስት ጠበቀች፣ መታች፣ አገባች።

ስለ ስድቡ ሲጠይቋት ፒያ የመለሰችው ባጭሩ «እኔ ወደ ሪዮ እሄዳለሁ፣ እሷ ወደ ቤቷ» የሚል ነበር። ሪዮ ላይ ማራካናን የሞላው ሕዝብ ፊት ብራዚልን 0 ለ 0 ይዛ በመለያ ምት አሰናበተቻት። ፍፃሜውን በጀርመን 2 ለ 1 ተሸነፈች። ለስዊድን በሴቶች እግር ኳስ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው።

ጥያቄ፦ ብራዚል ያን ያህል ጊዜ እያለቀሰች በእሷ እጅ ተሸንፋ፣ መልሳ ቀጠረቻት?

አዎ፣ በ2019! 2008፣ 2011፣ 2016 ሦስቱንም ጊዜ መንገዷን የዘጋችባት እሷ ናት። ብራዚሎችም «ከሆነ አይቀር ከእኛ ጋር ትሁን» ያሉ ይመስላል። የሴቶቹን ብሔራዊ ቡድን የመራች የመጀመሪያዋ የውጭ አገር አሰልጣኝ ሆነች።

ውጤቱ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ2022 የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ፣ ኮፓ አሜሪካን፣ አንድም ግብ ሳይገባባት አነሳች፣ ይሄ ቀላል አይደለም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ግን ካናዳ በሩብ ፍፃሜ በመለያ ምት ጣለቻት። የ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ የለየለት ውድቀት ነው። ፓናማን 4 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ከጃማይካ ጋር 0 ለ 0 ወጥታ ከምድቡ አላለፈችም። ከወር በኋላ ተሰናበተች።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁኝ፣ ትልቁ ድርሻ የእሷ ነው። ማሸነፍ በሚያስፈልግበት በጃማይካው ጨዋታ ቡድኑ ኳስ ይዞ ይንሸራሸራል እንጂ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ሰው አልነበረውም። ልምድ ያላትን አጥቂ ክሪስቲያኔን ደግሞ ቤት ትታት ነው የሄደችው። ተከላክሎ ከኃያላን ጋር መተናነቅ ያውቅበታል ጭንቅላቷ። ተዘግቶ የተቀመጠን ቡድን መክፈት ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ብራዚል ላይ ያ ጎደላት። ለብራዚሏ ኮከብ ለማርታም የመጨረሻዬ ነው ያለችው የዓለም ዋንጫ እንደዚያ ማለቁ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጣች?

የት! በ2024 መጀመሪያ ስዊዘርላንድን ያዘች። በ2025 ስዊዘርላንድ ራሷ ያዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ ነበር። ቡድኑ ከዚያ በፊት ሲንገዳገድ ስለነበር ብዙ የጠበቀ ሰው አልነበረም። በመክፈቻውም በኖርዌይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። አይስላንድን 2 ለ 0 ካሸነፉ በኋላ ከፊንላንድ ጋር መሸነፋቸው እየተቃረበ ሳለ ሪዮላ ጀማይሊ በባከነ ሰዓት አገባችና 1 ለ 1 ወጥተው አለፉ። ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ስትደርስ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እዚያ ስፔን 2 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ያኔ ፒያ 65 ዓመቷ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ልይ ብል የትኛውን ትመክረኛለህ?

የ2011ን ሩብ ፍፃሜ፣ አሜሪካ ከብራዚል። ጊዜ ከሌለህ ከ65ኛው ደቂቃ ጀምር። አሜሪካ በቀይ ካርድ 10 ሰው ትቀራለች፣ ሶሎ ያዳነችው ፍፁም ቅጣት ምት ይደገማል፣ ማርታ ሁለት ታገባለች። በ122ኛው ደቂቃ ሜጋን ራፒኖ ከግራ በኩል የምታሻግረውን ኳስ ዋምባክ በጭንቅላቷ ታገኘዋለች። ዳር ቆማ ያለችውን ፒያን ካሜራው ካሳየህ ደግሞ ፊቷን እይ።