ስለ ላውንድስ ካውንቲ፣ አላባማ ጠይቁኝ

ባለ ካርታው፦ እሺ፣ እንጀምር። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ የማወራው ስለ አላባማው ላውንድስ ነው። ጆርጂያም ሚሲሲፒም በዚሁ ስም የሚጠራ ካውንቲ አላቸው። ቫልዶስታ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ጥያቄያችሁን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር እየጠየቃችሁ አታደናግሩኝ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ስለ ካውንቲው በጠቅላላው ቢነግሩን?

ባለ ካርታው፦ "በጠቅላላው" የሚል ጥያቄ አልወድም። በ1830 ተቋቋመ። ከሰልማና ከሞንጎመሪ መሃል ያለ ገጠር ነው። ዋና ከተማው ሄይንቪል ነው፣ ከተማ ከተባለ። በ2020 ቆጠራ 10,311 ሰው ነበረው። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ጥቁር ነው። ቀጣይ።

ሃይዌይ 80፦ ከሞንጎመሪ ሰልማ ጭነት ይዤ እመላለሳለሁ። መንገዱ ዳር በብረት አጥር የታጠረ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። የማን ነው?

ባለ ካርታው፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። የቫዮላ ሊውዞ ነው። የአምስት ልጆች እናት፣ ከዲትሮይት መኪናዋን ነድታ የመጣች ነጭ ሴት። ማርች 25 ቀን 1965 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ከሰልማ የተነሱት ሰልፈኞች ሞንጎመሪ ገቡ። ማታ እሷ ሰው ስታመላልስ የኩ ክላክስ ክላን (የነጭ ዘረኞች ቡድን) ሰዎች በመኪና ተከታትለው፣ አንተ በምትነዳበት መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሏት። መኪናው ውስጥ ከነበሩት አራት ሰዎች አንዱ የኤፍቢአይ ጠቋሚ ነበር።

እኔን ግን ከግድያው እኩል የሚያንገበግበኝ ችሎቱ ነው። ጉዳዩ ሄይንቪል ታየ። ዋናው ተከሳሽ በነፃ ወጣ። በዚያው ዓመት ኦገስት 20 ደግሞ ጆናታን ዳንኤልስ የሚባል የነገረ መለኮት ተማሪ ተገደለ። እዚያው ሄይንቪል ከእስር ተፈትቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ለስላሳ ሊገዛ ሱቅ ሲሄድ ነው። የ17 ዓመቷን ሩቢ ሴልስን ገፍቶ ጥይቱን ራሱ ተቀበለው። ገዳዩም በነፃ ተለቀቀ።

ለምን? ጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ተራ ነዋሪዎች፣ ሁሉም ነጭ ወንድ ነበር። ለጁሪነት የሚጠራውን ሰው ስም ዝርዝር የሚያዘጋጁት የአካባቢው ሹማምንት ናቸው። ጥቁር አይጽፉም። ሴት ደግሞ በአላባማ ሕግ ጭራሽ ጁሪ መሆን አትችልም ነበር። የላውንድስ ሰዎች ይህንን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 መጀመሪያ ላይ ዋይት በክሩክ በተባለው ክስ ሁለቱም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ተብሎ ተፈረደላቸው። የሊውዞን ገዳዮች እስር የፈረደባቸውም ይኸው የፌዴራል ፍርድ ቤት እንጂ የካውንቲው ሸንጎ አይደለም። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሺህ ጊዜ ትሰማላችሁ። ስለ ጁሪ ስም ዝርዝር ግን ማንም አይነግራችሁም።

ደረጀ ነኝ፦ ቫልዶስታ ውስጥ የቤት ዋጋ እንዴት ነው?

ባለ ካርታው፦ ምን ብዬ ነበር የጀመርኩት?

ሜላት ከአትላንታ፦ ጋሼ፣ ብላክ ፓንተር የሚለው የጥቁሮች ድርጅት ስም ከላውንድስ ነው የመጣው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ባለ ካርታው፦ እውነት ነው። ጊዜ ካላችሁ ይቺን በደንብ ልንገራችሁ።

በ1965 መጀመሪያ ላይ በካውንቲው ከአምስቱ ሰው አራቱ ጥቁር ነበር። የተመዘገበ ጥቁር መራጭ ግን አንድም አልነበረም። ዜሮ። የተመዘገቡት ነጮች ደግሞ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰው ነጮች ይበልጡ ነበር። ሙታንም ይመርጡ ነበር ማለት ነው። በማርች ጆን ሑሌት የሚባል ሰው ሌሎችን አስከትሎ ሊመዘገብ ሄይንቪል ሄደ። ከዚያ ስቶክሊ ካርማይክልና ስኒክ የተባለው የተማሪዎች የመብት ድርጅት ወጣቶች መጡ። ኦገስት ላይ የምርጫ መብት ሕጉ ወጣ፤ የፌዴራል መዝጋቢዎችም ተላኩ።

ተመዘገቡ እንበል። ማንን ይምረጡ? የአላባማ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። በላዩ ላይ የነጭ የበላይነት የሚል መፈክር ተጽፎበታል። በዚያ ላይ ፓርቲው የዕጩነት ማስመዝገቢያውን ከ50 ዶላር ወደ 500 አሳደገው። ስለዚህ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ የላውንድስ ካውንቲ ነፃነት ድርጅት። ማንበብ የማይችል መራጭ እንዲለየው ሕጉ ምልክት ይጠይቃል። ጥቁር ግስላ መረጡ፤ በእንግሊዝኛ ብላክ ፓንተር። ሜላት፣ ይሄ አንቺን ይመለከትሻል፤ ሥዕሉ የተወሰደው እዚያው አትላንታ ከነበረው ከክላርክ ኮሌጅ የስፖርት ቡድን አርማ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ብላክ ፓንተር ግን ኦክላንድ አይደለም እንዴ?

ባለ ካርታው፦ አሁን እኮ እየተናገርኩ ነው! የኦክላንዱ የተመሠረተው በኦክቶበር 1966 ነው። ምልክቱን የወሰዱት ከላውንድስ ነው። ሁለቱ አንድ ድርጅት አይደሉም። የላውንድሱ የገበሬ ፓርቲ ነው፤ ለሸሪፍነትና ለግብር ገማችነት የሚወዳደር።

አባ ጉዱ፦ ምልክትስ የእኛ አገር ነበር። ንብ እና ሁለት ጣት! በ97 እናቴ ማንበብ ሳትችል በምልክት ብቻ መረጠች።

ቅኔ፦ በ97 ማን አሸነፈ ነው የምትለው?

አባ ጉዱ፦ አንተ ደግሞ ጀመርክ።

ቅኔ፦ አልጀመርኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ። አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም አገር።

ባለ ካርታው፦ እባካችሁ። ስለ 97 መከራከሪያ ሌላ ቦታ ሞልቷል። ደግሞስ ዓመት በፈረንጅ አልተባባልንም?

ሜላት ከአትላንታ፦ ታዲያ አሸነፉ?

ባለ ካርታው፦ በ1966 አላሸነፉም። በሜይ 3 ሄይንቪል አጠገብ ባለ ቤተክርስቲያን ወደ 900 ሰው ተሰብስቦ ዕጩ መረጠ። ለሰባት ወንበር ሰባት ሰው። ሸሪፍ፣ የአስከሬን መርማሪ፣ ግብር ገማች፣ ግብር ሰብሳቢና ሦስት የትምህርት ቦርድ አባላት። በኖቬምበር 8 ሰባቱም ተሸነፉ። ባለርስቶቹ ገበሬዎቻቸውን በመኪና ጭነው፣ ምልክት የተደረገበት የናሙና ወረቀት አስይዘው አመጧቸው። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀውን 20 በመቶ ድምፅ አልፈው ሕጋዊ ፓርቲ ሆኑ። በ1970 ጆን ሑሌት ሸሪፍ ሆነ፤ ሃያ ዓመት በላይ ቆየበት። ከዚያም የካውንቲው ፕሮቤት (የኑዛዜና የውርስ) ዳኛ ሆነ።

የማደንቀው ግን ዝግጅታቸውን ነው። ስኒኮች በሥዕል የተሠሩ ትንንሽ መጽሐፍት አዘጋጅተው ነበር። ሸሪፍ ምን ይሠራል? ግብር ገማች ምን ይሠራል? ለተራ ገበሬ እንዲገባ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ የምትኖሩበት ካውንቲ ግብር ገማች ማነው? ስለ ፕሬዚዳንት ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትሟገቱ ታድራላችሁ።

ዶክተር አልባ፦ ግብር ገማች ይህን ያህል ምን ሥልጣን አለው? የቢሮ ሠራተኛ አይደለም?

ባለ ካርታው፦ የቢሮ ሠራተኛ! ወዳጄ፣ በዚያ ዘመን 90 በመቶው መሬት በ86 ነጭ ቤተሰቦች እጅ ነበር። የመሬቱን ዋጋ የሚገምተው እሱ ነው። ባለ ሰፊ እርሻውን ዝቅ አድርጎ ከገመተው ካውንቲው ገንዘብ አይኖረውም። ገንዘብ ከሌለ ትምህርት ቤት የለም፣ መንገድ የለም። ለዚህ ቦታ የተወዳደረችው አሊስ ሙር የምትባል ሴት ነበረች። ሀብታሙን ግብር አስከፍዬ ድሃውን አበላለሁ ነው ያለችው። ባለርስቶቹ በድንጋጤ ሊሞቱ ነበር።

ሃይዌይ 80፦ ዕጩዎቹ ይቆዩንና ገበሬዎቹ ምን ሆኑ? ሲመዘገቡ ዝም ተባሉ?

ባለ ካርታው፦ ከመሬት ተነቀሉ። ከ1965 መጨረሻ ጀምሮ የተመዘገቡትን ቤተሰቦች ባለርስቶቹ አስወጡ። መሬት ከሌለ ቤትም የለም። ኋይት ሆል አጠገብ፣ መንገድህ ዳር ድንኳን ተከሉ። የድንኳን ከተማ ይባል ነበር። ማታ ማታ ከመንገዱ ይተኮስባቸዋል። አንዳንዶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ኖሩበት።

አባ ጉዱ፦ የእኛ ጭሰኛ ማለት ነው።

ቅኔ፦ አይደለም። ጭሰኛ ባሪያ አልነበረም። እነዚህ የባሪያ ልጆች ናቸው።

አባ ጉዱ፦ ከምርቱ ግማሹን ለባለርስት የሚሰጥ ሰው ምንድነው ታዲያ? አያቴ እኩል አራሽ ነበሩ፣ አውቀዋለሁ።

ቅኔ፦ አያትህን ማንም በቆዳቸው አላባረራቸውም።

ባለ ካርታው፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ምርት መካፈሉ ይመሳሰላል። የአላባማው ልዩነት ዱቤው ነው። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ጨውና ጫማውን ከባለርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። መዝገቡን የሚይዘው ባለርስቱ ነው። በመከር ሂሳቡ ሲታይ ገበሬው ሁልጊዜ ባለዕዳ ነው። አዲስ አበባ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው የወጡት በዚያው በ1965 ነው። ይህን ያነሳሁት ዘመኑን እንድታስታውሱት እንጂ አንድ ነው ለማለት አይደለም። በዚህ ይብቃ።

ደረጀ ነኝ፦ አላባማ ውስጥ አንድ ቦታ የፍጥነት ትኬት ሰጡኝ። ልከራከር ወይስ ልክፈል?

ባለ ካርታው፦ ጠበቃ ጠይቅ።

ዶክተር አልባ፦ ስለ ፍሳሹ ጉዳይ ይናገሩ። ዜና ላይ አየሁ፣ መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትል ተገኘ ተብሎ።

ባለ ካርታው፦ አዎ። መነሻው አፈሩ ነው። የእኛ ዋልካ ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ውሃ የማያሰርግ። ለጥጥ ጥሩ ነበር። ባለርስቶቹን ያመጣውም እሱ ነው። ለሴፕቲክ ታንክ፣ የቤት ፍሳሽ መሬት ውስጥ ለሚያጠራቅመው ጉድጓድ፣ ግን አይሆንም። የሚሠራው ዓይነት ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ሰዉ ድሃ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ፍሳሹን በቧንቧ ወደ ጓሮ ይለቀዋል። በ2017 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 55 ሰዎች በ19ኙ መንጠቆ ትል ታየ። የካውንቲው ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ለዓመታት ጮኸችበት።

አስቂኙ፣ መንግሥት መጀመሪያ ያደረገው ሰዎቹን በሕገ ወጥ ፍሳሽ መክሰስ ነበር። በ2023 የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከአላባማ ጤና መምሪያ ጋር ስምምነት ፈርሞ ያንን አስቆመ። በኤፕሪል 2025 የትራምፕ አስተዳደር ስምምነቱን ሰረዘው።

ዶክተር አልባ፦ ካውንቲው ራሱ ለምን አያስተካክለውም? ጥቁሮች ከያዙት ሃምሳ ዓመት አለፈ እኮ።

ባለ ካርታው፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በክፋት ይጠይቀዋል። አንተ በቅንነት ነው ብዬ ልመልስ። በአላባማ ካውንቲ ማለት እጁ የታሰረ አስተዳደር ነው። የ1901ዱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ሁሉ ሞንጎመሪ ሰብስቦ አስቀመጠው። ብዙ የአካባቢ ጉዳይ በግዛቱ ምክር ቤት በኩል ካላለፈ አይሆንም። የንብረት ግብሩም ከአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፤ ትልልቁ የእርሻና የደን መሬት በጣም ትንሽ ይከፍላል። ኮሚሽነሮቹ ጥቁር ሆኑ ማለት ካዝናው ሞላ ማለት አይደለም። ሹመኞቹ ጥፋት የለባቸውም አልልም፣ ግን ከየት አምጥተው?

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ጆን ሑሌት የኦክላንዱን ፓንተር ነው የመሠረተው?

ባለ ካርታው፦ ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ።

ሃይዌይ 80፦ የድንኳን ከተማው ቦታ አሁን ምን አለበት? ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ባለ ካርታው፦ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ማዕከል አለ፤ ከሰልማ ሞንጎመሪ ያለውን መንገድ ታሪክ የሚያሳይ። እዚያው መንገድ 80 ላይ ነው፣ አያመልጥህም። ሄይንቪል ያለው ፍርድ ቤትም ከዚያ ሩቅ አይደለም። መግቢያ ሰዓቱንና የከባድ መኪና ማቆሚያውን ደውለህ አጣራ። ፎቶ ካነሳህ ላክልን።