ንቁ ውሻ፣ በቀቀን፣ ድመት ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ውሻ ማሰልጠን ስራዬ ነው፣ ጥያቄያችሁን እንደመጣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው ምኖረው። የ8 ወር ጀርመን ሼፐርድ አለኝ፣ ስራ ስሄድ ሶፋውን ይበላዋል፣ ጎረቤት በጩኸቱ ተማሯል።

መልስ፦ ወንድሜ ውሻህ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ስራ ፈቶ ነው። ጀርመን ሼፐርድ እኮ በግ ከሚጠብቁ ውሾች የወጣ ዘር ነው፣ በ1899 ጀርመን ውስጥ ማህበር ሲቋቋምለት ዋናው ሀሳብ ከሰው ጋር የሚሰራ ውሻ ማውጣት ነበር፣ እና ያ ጭንቅላት አሁን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውላል፣ ታዲያ ምን ይስራ? ጠዋት መኪና ሳይበዛ አውጣው፣ አትጎትተው፣ የፈለገበት ቆሞ ያሽትት፣ ማሽተት ጭንቅላቱን በደንብ ያደክመዋል። ምግቡን በሳህን መስጠት ተው። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑንና ቀለበቱን አውጥተህ፣ ጎኑን ቀዳደህ ደረቅ ምግቡን ክተትበትና እያንከባለለ ያውጣ፣ ፕላስቲኩን እንዳይውጥ ግን አንተ ባለህበት ብቻ። ስትወጣ ጠንካራ የላስቲክ መጫወቻ ውስጥ ምግብ ጠቅጥቀህ ተውለት። ማታ ደግሞ አምስት አምስት ደቂቃ ትዛዝ አስተምረው፣ ሳይሰለቸው አቁም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ግቢ ነው ያለነው፣ ቀን እናስረዋለን ማታ እንለቀዋለን። እንግዳ ሲመጣ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። አባዬ ጥሩ ጠባቂ ማለት ይሄ ነው ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ አባባን አከብራቸዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል የቀረችው ማስፈራራት ናት፣ እንግዳው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ሰራልኝ ብሎ ይይዛታል፣ በየቀኑ እየባሰበት ይሄዳል። እንግዳና ሌባ ካልለየ ምኑን ጠበቀ? ቀንም ግቢው ውስጥ የታጠረ ቦታ ስሩለት፣ በር ሲንኳኳ ቦታው ሄዶ መቀመጥን አስተምሩት፣ በተቀመጠ ቁጥር ወዲያው ሽልማት። የእብድ ውሻ ክትባቱን ደግሞ በጊዜው አሳድሱ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

ጥያቄ፦ ጥፋት ሰርቶ ስደርስ ብመታው አይማርም?

መልስ፦ አይማርም። ከሰዓታት በፊት ያረገውን ከዱላው ጋር አያገናኘውም። ሚማረው አንተ ስትገባ መፍራት ነው።

ጥያቄ፦ ግራጫ በቀቀን አለን፣ ላባዋን እየነቀለች ጨረሰች።

መልስ፦ መጀመሪያ ሀኪም ይያት፣ በሽታም ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ከሆነች መሰላቸት ወይ ብቸኝነት እጠረጥራለሁ። አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪ ከ1977 ጀምራ አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን አስተምራ ቀለም፣ ቅርፅ፣ እስከ ስድስት ቁጥር ለይቷል፣ እንዲህ አይነት ፍጥረት ነው የወፍ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ሚቀመጠው። ኦቾሎኒውን፣ ጨው የሌለውን፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጧት፣ ወረቀቱን ቀዳ ታውጣው። ከሰው ጋር ትዋል፣ ቡና ሲፈላ ግን ከጭሱና ከእጣኑ አርቋት፣ የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም።

ጥያቄ፦ ድመቴ ሌሊት አታስተኛኝም።

መልስ፦ ከመተኛትሽ በፊት ገመድ አስሮጫት፣ ከዛ አብያት። ጨዋታው ለሷ አደን ነው፣ አድና በልታ ትተኛለች።

ጥያቄ፦ ለውሻዬ ለሽልማት ከወጡ ላይ ስጋ እያወጣሁ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ኧረ በፍፁም! ወጥ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቢበስልም ያው ነው። ሳይቀመም የተቀቀለ ስጋ በጣት ጥፍር ልክ ቆራርጠህ ኪስህ ያዝ፣ አጥንት የሌለው ይሁን።