ትሉን ደጋግሞ የሚመልሰው ቁንጫ

ጥያቄ፦ በውሻችን ቂጥ ዙሪያና በሚተኛበት ጨርቅ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር እናያለን። የእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል ኪኒን ሰጥቶት ጠፍቶ ነበር፤ ወር አካባቢ ሲሆን ተመለሰ። አሁን ደግሞ የ2 ዓመት ልጄ ሰገራ ላይ እንዲሁ አየሁ። ጥሬ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም፤ ኮሶ ከየት መጣባት? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ኮሶ አይመስልም። ኮሶ በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ይመጣል፤ ይሄኛው ግን ዲፒሊዲየም የሚባል የውሻና የድመት ትል ነው፤ የሚያመላልሰውም ቁንጫ ነው። ከውሻው የወጣው ሩዝ የሚመስለው የትሉ ቁራጭ ደርቆ ሲፈርስ እንቁላሉ ይበተናል፤ የቁንጫ እጭ ይበላዋል፤ እጩ ቁንጫ ሲሆን ትሉም ሆዱ ውስጥ አብሮት ያድጋል። ውሻው ሲያሳክከው ጸጉሩን እየነከሰ ቁንጫውን ይውጣል። ልጅዎም ስታቅፈው ሳታውቀው ቁንጫ ውጣ ይሆናል። የቁንጫ ንክሻ ብቻውን ትሉን አያስተላልፍም፤ ቁራጩን መንካትም እንዲሁ።

ኪኒኑ ሥራውን ሠርቷል። ግን ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ከመግደል አልፎ ለነገ አይከላከልም። ውሻው ሌላ ቁንጫ በዋጠ በ3 ሳምንት ገደማ ቁራጩ እንደገና ይታያል።

ለልጅዎ ቁራጩን በንጹሕ ብልቃጥ ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በተለመደው የሰገራ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። በአብዛኛው የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ። የሰው ኪኒን ብዙውን ጊዜ 600 ሚሊግራም ስለሆነ አከፋፈሉን ለባለሙያ ይተዉ፤ የውሻውን ኪኒን ቆርሰው እንዳይሰጧት።

«ቁንጫ አላየሁበትም» ካሉ፣ ጀርባውን በጥርሰ ጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥረው የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ያራግፉ። ዙሪያው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም የተፈጨ ደም።

ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ፣ እጩና ቁንጫ ለመሆን ቅርፊት ውስጥ የተሸሸገው ምንጣፍ ሥር፣ ሶፋ ስንጥቅ ውስጥና በመኝታው አካባቢ ነው ያለው። ቅርፊት ውስጥ ያለውን ፀረ ቁንጫ ቢረጩበትም እምብዛም አይጎዳውም፤ ወራት ሊጠብቅም ይችላል። ስለዚህ መኝታውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ያጥቡ፤ ወለሉን በየቀኑ ጠርገው ጥራጊውን ከቤት ያውጡ። ለውሻው ሐኪሙ በክብደቱ የመረጠውን የፀረ ቁንጫ ጠብታ፣ ለምሳሌ ፊፕሮኒል፣ ጸጉሩን ከፍለው ትከሻው መሀል ቆዳው ላይ ያድርጉ። በፊትም በኋላም 2 ቀን አይታጠብ። ቢያንስ ለ3 ወር አያቋርጡ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በመጀመሪያው ወር ጠፋ ብሎ ሲያቆም ነው። ድመት ካለች እሷም ትታከም፤ ግን ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ መድኃኒት አይነካት፤ አንቀጥቅጦ ይገድላታል። የሰብል ፀረ ተባይና ነጭ ጋዝ ደግሞ ለማንኛቸውም አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ተስቦ የሚመጣው ከቅማል አይደለም እንዴ? የአይጥ ቁንጫም ያመጣል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ያመጣሉ፤ ጀርሞቹ ግን ይለያያሉ። የአይጥ ቁንጫው ጀርም ኩሱ ውስጥ አለ፤ የተነከሱበትን ሲያኩ ይገባል። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ሽፍታ ካለ ለሐኪሙ አይጥ በቤት መኖሩን ይንገሩ፤ ዶክሲሳይክሊን በሚባል አንቲባዮቲክ ይድናል። አይጦቹን ለመግደል ከመነሳትዎ በፊት ጉድጓዳቸውና መሄጃቸው ላይ ፀረ ቁንጫ ይደረግ፤ አይጧ ስትሞት ቁንጫዋ የሚቀጥለውን ደም ፍለጋ ወደ ሰው ይዘላል።