ትንሹ አምፖል ለምን ከትልቁ ደመቀ?

ከሐይቅ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ አብሽር፤ አምፖሎችህ ደህና ናቸው። «ሱቁ ላይ ባለ 40፣ ጓዳው ላይ ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል አሰርሁ፤ ሁለቱም ይፈዛሉ፣ 40ው ደግሞ ከ100ው ይደምቃል፤ አንዱን ስፈታ ሌላውም ይጠፋል። ሲሪስና ፓራለል የሚሉት ምንድን ነው?» ብለሃል። መልሱ ራሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ፦ ሲሪስ አድርገህ ነው የቀጠልሃቸው። ደሴና ኮምቦልቻ የቤት መስመር ስዘረጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው በራሱ እጅ የቀጠለውን አስተካክል ተብዬ ስጠራ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሲሪስ ማለት መንገዱ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርድ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቢቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ከረንት (በሽቦ ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከፊት ያለውም አብሮ ይቆማል። አንዱን አምፖል ስትፈታ ሌላው የጠፋው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 40ውና 100ው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ባለ 40 ዋቱ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ሪዚስታንሱ፣ ማለትም ከረንትን የመገደብ አቅሙ፣ ይበልጣል። የቤቱን ቮልቴጅ 220ን በ220 አባዝተህ ለዋቱ አካፍል፦ ለ40ው 1210 ኦም፣ ለ100ው 484 ኦም ይወጣል። በአንድ መንገድ ሲደረደሩ ሪዚስታንሱ ይደመርና 1694 ይሆናል፤ የሚያልፈው ከረንት 0.13 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ከረንቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ የሚከፋፈሉት ቮልቴጁን ነው። ሪዚስታንሱ የበዛው ድርሻው ይበዛል፦ 40ው 157 ቮልት፣ 100ው 63 ቮልት። ስለዚህ 40ው 20 ዋት አካባቢ፣ 100ው 8 ዋት አካባቢ ይሠራሉ ማለት ነው። ክር ሲቀዘቅዝ ሪዚስታንሱ ስለሚቀንስ በተግባር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ፓራለል ሲሆን እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መንገድ አለው፤ አንድ እግሩ ፌዝ (ኮረንት ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ላይ፣ አንድ እግሩ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ላይ ነው። ሁለቱም ሙሉውን 220 ያገኛሉ፤ 100ው 100 ይሆናል፣ 40ውም 40። የሚደመረው ከረንቱ ነው።

ከጥያቄህ ሥር በኮሜንት አንድ ወንድማችን «ሲሪስ ቆጣሪ አያስቆጥርም» ብሏል። የሚቆጥረው ማነሱ እውነት ነው፤ ግን ባለ ክር አምፖል ቮልቴጁ ሲወርድ ብርሃኑ ከፍጆታው በላይ ይወርዳል። ለጨለማ መክፈል ነው። ቁጠባ ከፈለግህ ኤልኢዲ ግዛ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ፓራለል ይሁን። ነገር ግን ፓራለል የራሱ አደጋ አለው፤ እኔ በራሴ ጥፋት ነው የተማርሁት። ጀማሪ ሳለሁ ኮምቦልቻ የአንዲት እናት ቤት ሶኬቶቹን በሙሉ በአንድ ባለ 2.5 (ስኩዌር ሚሊ ሜትር) ሽቦ ዘረጋሁ። እሳቸው ምጣዱንና ምድጃውን አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። የ3500 ዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ይስባል፤ 1500 ዋት ምድጃ ሲጨመርበት 23 አምፔር ይጠጋል። እኔ መስመሩን ለሁለት መለየት ሲገባኝ ባለ 16ቱን ብሬከር አውጥቼ ባለ 32 አደረግሁ። ብሬከሩ መውረዱን ተወ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲጠሩኝ ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ሽቦው ልብሱን ጥሎ አገኘሁት። ልጆቹ ከዚያው ግድግዳ ሥር ነበር የሚተኙት። ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና የራሱን ብሬከር ካላደረግሁ ሥራ አልቀበልም። ምጣድ በዲቫይደር የምትሰኩም እባካችሁ ተዉ።

እንግዲህ ሲሪስ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው፣ ብሬከሩ፣ የድሮው ቫልቮላ (ፊውዝ) ሁሉ ከሚጠብቁት ነገር ጋር በሲሪስ ነው የሚገቡት። አንዱ ሲቆረጥ ሁሉም መቆሙ ለአምፖል ጉዳት ቢሆንም ለጠባቂ ግን ሥራው ነው። ከፌዝ ላይ ግን ይግቡ። ማብሪያ ማጥፊያ ኒውትራል ላይ ካሰርህ አምፖሉ ይጠፋል፣ ፖርታላምፓዳው (አምፖሉ የሚታሰርበት) ግን ኮረንት እንዳለበት ይቆያል፤ አምፖል ልቀይር ያለ ሰው ይያዛል።

ሶላር ያላችሁም ይህንኑ ልብ በሉ። ሬዲዮ ውስጥ አራት የባትሪ ድንጋይ ስትደረድር እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ተደምሮ 6 ይሆናል፤ ያ ሲሪስ ነው። ደላንታ ያለው አጎቴ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር አወር (የባትሪው የመያዝ አቅም ነው) ባትሪ ገዝቶ «እንዴት ልቀጥል?» ብሎኝ ነበር። በሲሪስ 24 ቮልት፣ 100 አምፔር አወር ይሆናል፤ በፓራለል 12 ቮልት፣ 200 አምፔር አወር። የተጠራቀመው ኃይል ያው 2400 ዋት አወር ነው፤ ቅርጹ ነው የሚለየው። የእሱ አምፖሎችና መቆጣጠሪያው ባለ 12 ስለነበሩ በፓራለል ቀጠልንለት። አሮጌና አዲስ ባትሪ ግን አትቀላቅሉ።

አሁን ወደ ሱቅህ። ዋናውን ብሬከር አጥፋና በቴስተር ሁሉንም ሽቦ ነክተህ ኮረንት አለመኖሩን አረጋግጥ። ከዚያ ሁለቱን አምፖሎች የሚያያይዘውን ሽቦ ፍታ። ከሱቁ አምፖል የወጣውን ጫፍ ወደ ኒውትራል ውሰደው። ወደ ጓዳው አምፖል የሚገባውን ደግሞ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከፌዝ አገናኘው። ፖርታላምፓዳው ጥርስ ያለው ከሆነ ፌዙ መሀል ያለችው ምላስ ላይ፣ ኒውትራሉ ጥርሱ ላይ ይሁን። እጅህ ከፈራ ግን ሰፈር ያለ ባለሙያ ጥራ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሲያልቅ ሁለቱንም አብራና የሱቁን ብቻ አጥፋ፤ የጓዳው ሳይፈዝ ከቀጠለ ተስተካክሏል። ካልሆነ የሽቦውን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።